ለእንግዳ የታጠበ ሰፈር

ከሥራ ስመለስ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ አንዱ በሌላው ክንድ ሥር አንገቱን አስግጎ ቆሟል። ከኋላ በኩል ግን ሦስት ሰው በሚያስቀምጥ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ብርዱ አጥንት የሚሰብር ቢሆንም በአጠገባቸው ያሉት መስኮቶች ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ተሹለክልኬ ስጠጋ የሰፈራችን ሰው ጋሽ ፎርማን ናቸው።

«ና ተማሪው፣ ቁጭ በል» አሉኝ። ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ለእሳቸው ግን እስከ ዛሬ ተማሪው ነኝ። «ዘመኑ ከፋ ትላላችሁ፤ ይኸው ሽበት የሚያከብር ሕዝብ አለ። ከተሳፈርኩ ጀምሮ አንድ ሰው አጠገቤ አልተቀመጠም። ሽማግሌው ይመቸው ብለው ነው።»

ተቀመጥኩ። ከፊታችን የቆመች ሴት ሻርፗን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች፤ ቀጥሎ እኔንም አየችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። እውነቱን አውቀዋለሁ። ነገር ግን አባት ለሚሆን ሰው እንዲህ ያለውን በምን አፍ ይነግሩታል?

ሰፈራችን ከቆዳ ፋብሪካው ግርጌ ነው። ጋሽ ፎርማን ጉልምስናቸውን በሙሉ ቆዳ በሚዘፈዘፍበትና ፀጉሩ በሚመለጥበት ክፍል አሳልፈዋል፤ ከተራ ሠራተኛ ተነሥተው ፎርማን ሆነዋል፤ ጡረታ ሲወጡ ማዕረጉ ስም ሆኖ ቀረላቸው። ዛሬ በዚያው በር ልጃቸው ይገባል። በሰፈሩ ጠብ ቢነሣ አስታራቂው፣ አጥር ቢገፋ ዳኛው እሳቸው ናቸው። ስለ ፋብሪካው ሽታ አቤት ያልን ጊዜ የፋብሪካው ሰዎች «ይህ የመጤ ተከራይ ወሬ ነው፤ ነባሮቹ ምንም አላሉም» ብለው መለሱ። ነባር ማለት ጋሽ ፎርማን ናቸው። ስለዚህ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሐሙስ እንደሚመጣ ሲነገረን የሰፈሩ ዓይን ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። እኔም ባጋጣሚ አጠገባቸው መቀመጤን እንደ ዕድል ቆጥሬ ነገሩን አነሣሁ።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ዕለት ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እርስዎን ነው።»

«ምን እንድል ነው? ሸተተኝ እንድል? አልሸተተኝማ። በዚህ ዕድሜዬ ሐሰት ልናገር?»

«ለሌላው እንደሚሸተው ግን ያውቃሉ።»

«የዛሬ ሰው ምን የማይሸተው አለ። ያቺ ተከራይ ልብስ ሰፊ ሞትኩ ተቃጠልኩ ትላለች። ቤት ልትከራይ ስትመጣ ፋብሪካው እዚያው ነበር፤ እኔ ተሸክሜ አምጥቼ አላስቀመጥኩባት። ስማኝ ልጄ፣ የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል ሰምተሃል? ያ ሽታ ነው እኔን ያቆመኝ፣ ትዳር ያስያዘኝ፣ ልጆቼን ያሳደገልኝ። ፋብሪካው ቢዘጋ የልጄን ልጆች አንተ ልታበላ ነው?»

አንባቢዬ ይህን ክርክር ንቆ እንዳያልፈው እለምናለሁ። ጎጆ የሚያቆም እንጀራ የሚገኝበትን በር የሚፈራና የሚያከብር ሰው ሞኝ አይባልም። ስለዚህ ረጋ ብዬ መለስኩላቸው።

«ማንም ይዘጋ አላለም። የቆሰለ እጅ ይታጠባል እንጂ አይቆረጥም። የምንለው ጉድጓዶቹ ይከደኑ ነው። ከቆዳው የሚፋቀው ሥጋና ሞራ ፀሐይ ላይ ተከምሮ አይዋል። የፀጉር መመለጫው ውኃና አሲድ ያለበት ውኃ በአንድ ቦይ አይገናኙ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ከዚያ አፍንጫን ያደነዝዛል። ለዓመታት የተነፈሰውን ሰው ጨርሶ ማሽተት ሊነሳው ይችላል።»

ጋሽ ፎርማን ከት ብለው ሳቁ። «ስለዚህ የኔ አፍንጫ ሞቷል ነው የምትለው? ቀብሩን መቼ ልትወጣ ነው?» ሳቃቸውን ጨርሰው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «አፍንጫ ብልህ ነው። ለምዶ ዝም ይላል። ያንተም ይለምዳል፤ ታገሥ።»

«መልመድ መዳን ነው ወይ፣ ጋሼ?»

ከአውቶቡሱ ወርደን ቁልቁለቱን ስንጀምር ቆም አሉና፣ እንግዳው በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ ጠየቁኝ። ከምሳ በኋላ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው የመንግሥት ሰው ሲመጣ ሰፈሩ እንደ ሰፈር መሆን አለበት። ይህን ለኔ ተወው» አሉ። ልባቸው የራራ መሰለኝና አመሰግናቸው ጀመር። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ሐሙስ ዕለት ነው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመጣ መንገዱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ሴቱም ወንዱም ባልዲና መጥረጊያ ይዟል። ከፋብሪካው የሚወርደው ቦይ በጣውላና በላስቲክ ተሸፍኖ በላዩ ላይ አፈር ተደልድሎበታል። በረኪና የተረጨበት ደረጃ ዓይን ያስለቅሳል። ጋሽ ፎርማን በከዘራቸው እየጠቆሙ «እዚያ ጥግ ቀርቷል፣ እዚህ ድገሙት» ይላሉ። ከሁሉ የገረመኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። አቤቱታውን የጀመረችው እሷ ናት። ለአንዲት ሙሽራ የሰፋችው ቀሚስ ሽታው ጨርቁ ውስጥ ገብቶ አልለቅ ስላለ የሙሽራዋ እናት ከነከረጢቱ ደጃፏ ላይ ጥላ የሄደችባት ሴት ናት። እሷው አሁን መስኮቷን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ቤቱን ሽቶ ትረጨዋለች።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? እንዲሸተው አይደል እንዴ የጠራነው?» አልኳት።

የሽቶውን ጠርሙስ እንደያዘች ቆመች። ያልኳት ነገር እውነት መሆኑ የገባት ይመስለኛል። ነገር ግን ገባኝ ማለት ሌላ፣ ማድረግ ሌላ ነው።

«ይሽተተው» አለች። «የፋብሪካው ይሽተተው። የኔ ቤት ግን አይሽተት። ትልቅ ሰው አፍንጫውን ይዞ ከቤቴ ሲወጣ ልይ?»

ተቆጣጣሪው መጣ። ትሑት፣ ጎልማሳ፣ ፊቱ የደከመ ሰው ነው። በታጠበው መንገድ አሳልፈው፣ መስኮቱ በተዘጋው የልብስ ሰፊዋ ቤት ውስጥ፣ የክብር ወንበር ላይ አስቀምጠው ቀዝቃዛ ለስላሳ ከፈቱለት። ስለ ሽታው ሲጠይቅ ሰው ሁሉ ጋሽ ፎርማንን አየ። እሳቸውም ጎሮሮአቸውን ጠርገው ሰፈሩ ሰላም መሆኑን፣ ፋብሪካውም የድሮ ጎረቤት መሆኑን፣ ጎረቤት መቼም እንከን እንደማያጣ ተናገሩ። እኔ ስለ ጉድጓዶቹና ስለ ቦዩ ላስረዳው ሞከርኩ። ሰውየው አየሩን ማግ ማግ አደረገና «በእውነቱ ከሰማሁት እጅግ የተሻለ ሆኖ ነው ያገኘሁት» አለ። በደጉ መስተንግዶ አመስግኖ ሄደ። እስከ መኪናው ሸኙት።

ማታውን ጣውላው ሲነሣ ሽታው እንደ ባለቤት ተመልሶ ገባ። ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ተቀምጣ የሙሽራዋን ቀሚስ ስፌት ትፈታለች።

ስናድግ ድህነታችንን ከእንግዳ ደብቀን እንድንቀበለው ነው የተማርነው። ለዘመድ ጥሩ ጨዋነት ነው። ለሐኪም ግን ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ደህና ነኝ የሚል ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በዚያን ቀን ያለንን አንድ ምስክር፣ ሽታውን፣ በገዛ ሳሙናችን አጥበን አሰናበትነው።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ነገር ባልጽፈው በወደድኩ።

ከጋሽ ፎርማን ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን አንድ ክፍል ነበር። የሚኖርበት የፋብሪካው ጡረተኛ ዘበኛ ነው፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ቃል ስለማይወጣው አባ ዝምታ እንለዋለን። ጋሽ ፎርማንና እሱ ከሰዓት በኋላ ዳማ ይጫወታሉ፤ ጋሽ ፎርማን ሲያወሩ፣ አባ ዝምታ ሲያሸንፍ ይውላል። አንድ ቀን ጨዋታውን ጨርሶ ሲነሣ፣ ሌላ ከተማ ያለች እህቱን ሊጠይቅ እንደሚሄድ ነገራቸው። በማግስቱ በሩ ተዘግቶ ሲያዩ ሄዷል አሉ።

ቀናት አለፉ። ሽታው ከወትሮው ከፋ። ልብስ ሰፊዋ ማዞር ጀመረኝ አለች። ጋሽ ፎርማን የከፋ መሆኑን ከሰው አፍ ሰምተው «ጉድጓዱን እየጠረጉት ይሆናል፤ በዚህ ወቅት ሁልጊዜ ነው» ሲሉ አረጋጉን። አመንናቸው። ዝንብ በዛ፤ ዝንብ መቼ ጠፍቶ ያውቃል አልን። ሰው ሁሉ ፋብሪካውን እየረገመ መስኮቱን ዘጋ። ጋሽ ፎርማን እንደ ልማዳቸው ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን አውጥተው፣ ጀርባቸውን በዚያ በጋራ ግድግዳ አስደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ ሰነበቱ።

ከዚያ እህትየዋ መጣች። ወንድሜ እመጣለሁ ብሎኝ ቀረ፤ ስልኩም አይነሣም አለች። ጋሽ ፎርማን ከወንበራቸው ብድግ ሲሉ ከዘራቸው ወደቀ። በሩን የሰበረው ልጃቸው ነው።

አባ ዝምታ አልጋው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ፣ ለመንገድ ያዘጋጀው ቦርሳ ከጎኑ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። እህቱ አስከሬኑን እንዳታይ ብለን ያዝናት፤ እሷ ግን ማየቱን ትታ እኛን ታየን ጀመር፤ አንድ በአንድ፣ ፊታችንን። ከዚያ ያለችውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል እንዴት አንድ ሰው አላወቀም?»

ከቀብር መልስ ሰዉ እየተንጠባጠበ ሲሄድ ጋሽ ፎርማን እጄን ያዙኝ። ዳማ የሚጫወቱበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ቁጢጥ አልኩ።

«ተማሪው፣ እውነቱን ንገረኝ። ለአንተ ሸቶህ ነበር?»

«ሸቶኝ ነበር፣ ጋሼ። ለሁላችንም ሸቶን ነበር። ፋብሪካው ነው ብለን ነው።»

«ፋብሪካው ነው ያልኩት እኔ ነኝ።» ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ። «እዚህ ነበርኩ። ጀርባዬን ሰጥቼው። ሌላ አገር ቢሆን አንድ ቀን ሳይሞላው ያገኙት ነበር፤ ሰው አይደለም ውሻ ቢሞት ይታወቃል። እኛ ግን ግማቱን ለምደን፣ ሬሳና ቆዳ መለየት አቃተን። ምናልባት ከወደቀ በኋላ በሕይወት ቆይቶ ይሆን?»

አላውቅም አልኳቸው። አላውቅምና። በዚህ ሰዓት ለማጽናናት ብሎ መዋሸት ከሳሙናው የተለየ አይሆንም ነበር።

ከኪሳቸው መሀረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ መሀረቡን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ትንፋሽ ሳቡ። ደገሙት። መሬት ላይ የወደቀ ቅጠል አንሥተው በጣታቸው ጨፍልቀው አሸተቱ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተነበበም።

«አውቶቡሱ ላይ» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ እኔ ሳይመለከቱ። «ያ ወንበር። ለሽበቴ አልነበረም፣ አይደል?»

ዝምታዬን እንደ መልስ ተቀበሉት። ራሳቸውን ላይና ታች ነቀነቁ።

«ልጄም እንዲሁ ብቻውን ይቀመጥ ይሆናል።»

«እንዳይቀመጥ ነው የምንለው፣ ጋሼ። ሥራው ይኑረው፤ አፍንጫውም ይኑረው። ፋብሪካው ክዳን ቢሠራና ቦዮቹን ቢለያይ የሚከስር አይደለም። ያልሠራው ጠያቂ ስላጣ ነው። ወጪት ሰባሪ ላለመባል ብለን የተበከለውን ወጪት ለልጅ ማቀበል ውለታ መመለስ አይሆንም።»

«በኔ ጊዜ ሁለቱ ውኃ በየቦዩ ነበር የሚሄድ» አሉ ዝግ ብለው። «በኋላ ቧንቧ ሲያረጅ አንድ አደረጉት። ዝም አልን። ምን አገባን አልን።» ከድንጋዩ ሲነሡ ክንዴን ተደገፉ። «ያን ሰውዬ መልሰህ ጥራልኝ።»

መልሶ መጥራቱ ቀላል አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ደህና ነው የተባለ ሰፈር እንደገና ታመምኩ ሲል የሚሰማው የለም። ብዙ ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ ተቆጣጣሪው የሚመጣበትን ቀን ቆረጠ፤ ጋሽ ፎርማንም ከኔ ሰሙ። በዕለቱ ማለዳ ወጥተው በየደጁ ዞሩ። መጥረጊያ የያዘ ሰው ካዩ ከዘራቸውን ያነሣሉ። ልብስ ሰፊዋ የሽቶ ጠርሙሷን ስትፈልግ ደርሰው ከእጇ ወሰዱባት።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ ማፈር አለብን። ዛሬ ካላፈርን ዕድሜ ልካችንን እንዳፈርን መቅረታችን ነው» አሏት። እሷም መስኮቷን ከፈተች።

ተቆጣጣሪው ከመኪናው ሲወርድ እጁ ወደ አፉ ሄደ። ጋሽ ፎርማን ሰላምታ ሰጥተው ወደ ቤት አላስገቡትም። ወንበር ቦዩ ዳር፣ ከተከመረው የቆዳ ፍቅፋቂ ወዲህ አስቀምጠውለት ነበር። ያንኑ ቀዝቃዛ ለስላሳ ከፍተው ሰጡት። ሰውየው ጠርሙሱን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ መለሰው፤ ሞከረ፤ አልቻለም።

«ባለፈው እንግዳ አድርገን ነው የተቀበልንህ፤ በደልንህ» አሉት። «ዛሬ እንደ ነዋሪ ተቀመጥ። እኔ በዚህ ፋብሪካ ፎርማን ነበርኩ፤ ልጄም እዚያ ነው። የምነግርህን ጠላት ሆኜ አልነግርህም። እኔ የያዝከው ለስላሳ ይሽተት አይሽተት አላውቅም። እዚያ ክፍል ውስጥ» ግድግዳውን አሳዩት፣ «ወንድሜ ሞቶ ሲሰነብት አላወቅሁም። ሌሎቹም አፍንጫ እያላቸው ያላወቁት ይህ ግማት ስለሸፈነው ነው። እንድትጽፍልኝ የምፈልገው ይህን ነው።»

ሰውየው ለስላሳውን ወንበሩ ሥር አስቀመጠ። ከዚያ እያሳለ፣ እያስነጠሰ፣ ቦዩን ተከትሎ እስከ ፋብሪካው አጥር ድረስ በእግሩ ወጣ። ጋሽ ፎርማን ከዘራቸውን ይዘው ተከተሉት።

ሥራው ባንድ ጀንበር አልተሠራም። ፋብሪካው ተከራከረ፣ ቀነ ቀጠሮ ጠየቀ፣ አዘገየ። የጋሽ ፎርማን ልጅ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ማታ ፈረቃ ተዛወረ፤ ለአባቱ ምስክርነት የተከፈለ ዋጋ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ እሱ ግን አንድ ቀን አላማረረም። በመጨረሻ ጉድጓዶቹ ተከደኑ። ፍቅፋቂው ሳይውል ሳያድር በተሸፈነ መኪና ይነሣል። ሁለቱ ውኃ ተለያየ። ፋብሪካው አልተዘጋም፤ በሩ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሠራተኛ ያስገባል።

ሽታው ጨርሶ ጠፋ ብዬ አንባቢን አልዋሽም። ነፋሱ ሲዞር ዛሬም ይመጣል። ነገር ግን ሲመጣ አሁን ይታወቃል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልብስ ሰፊዋ ልብስ ውጭ አስጥታ ታስገባለች። ሰው መስኮቱን ከፍቶ ያድራል፤ ስለዚህ ጎረቤት ሲያስል ይሰማል፤ አንድ ነገር ሲያርር እከሊት፣ ድስትሽ፣ ይባላል። ንጹሕ አየር ለሳንባ ይጠቅማል ብለን እናስተምራለን። እኔ ከዚህ የተማርኩት ሌላም አለ፤ ሰው ክፉ ነገርን ከለመደ የሚያጣው አፍንጫውን ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱንም ነው። ስለዚህ ያልለመደው መጤ ሲያማርር አትገሥጹት። ገና ያልሞተ አፍንጫ ነው ያለው፤ ለሁላችሁም ይጠቅማችኋል።

የጋሽ ፎርማን አፍንጫ አልተመለሰም፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጣቸውም። እሳቸው ግን የራሳቸውን ዘዴ አበጁ። በየማለዳው ከዘራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ብቻውን የሚኖር ሰው ያለበትን በር ሁሉ አንድ በአንድ ያንኳኳሉ፤ መጀመሪያ ግን በዚያ ባዶ ክፍል ፊት ሲደርሱ ትንሽ ቆም ይላሉ። እኔም ብቻዬን ስለምኖር ከሚያንኳኩባቸው አንዱ ነኝ። አይገቡም፤ ወሬም አያወሩም።

«አለህ?» ይላሉ።

«አለሁ፣ ጋሼ።»

«ዛሬ አየሩ እንዴት ነው?»

መስኮቱን ከፍቼ አሸትቼ የሆነውን እነግራቸዋለሁ። ደህና ሲሆን ደህና ነው እላለሁ። ሲከፋ ከፍቷል እላለሁ፤ ያን ጊዜ ከዘራቸው ቁልቁለቱን ትቶ ዳገቱን ወደ ፋብሪካው በር ሲወጣ ይሰማኛል።